«የልጄን የውኃ ሽጉጥ ምን ቀለም ልቀባለት?»

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የደረሰን ደብዳቤ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። የ13 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። በየዓመቱ በቡሄ ሰሞን ከዘመድና ከጎረቤት ጋር ተሰባስበን ዛፍ በበዛበት የሕዝብ መናፈሻ ሥጋ እንጠብሳለን፤ ልጆቹም በሁለት ቡድን ተከፍለው በውኃ ሽጉጥ ሲራጩ ይውላሉ። አምና የልጄ ቡድን ተሸነፈ። እርሱ እንደሚለው ሰማያዊና ብርቱካናማ የሆነው ሽጉጡ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሳይቀር እየታየ አስያዘው። ዘንድሮ ‹ካሞፍላጅ ካልቀባሁት አልጫወትም› ብሎ ተነሥቷል። ወንድሜ ጥቁርና የወታደር አረንጓዴ የሚረጭ ቀለም ገዝቶ አመጣለት፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ብርቱካናማ ቀለበትም በጥቁር ሊሸፍኗት ተስማምተዋል። ባለቤቴ ‹ልጅ ነው፣ ይጫወት› ይላል። እኔ ግን ቆርቆሮዎቹን ጓዳ ደብቄአቸዋለሁ፤ ለምን እንደደበቅኋቸው ለልጄ በሚገባው መንገድ ላስረዳው አልቻልሁም። እርስዎ የቀለም ሰው ነዎትና ይንገሩኝ። በእውነት የሚሸሽግ ቀለም የትኛው ነው? ፕላስቲክ ላይስ ይይዛል ወይስ ውኃ ሲነካው ይላጣል? ሌላም የሚሉኝ ካለ አይደብቁኝ።»

ውድ እኅቴ፤

ልጅዎ ሽጉጡን ይቀባ። ጥቁሩን ቆርቆሮ ግን ከደበቁበት አያውጡት፤ በሽጉጡ ጫፍ ያለችውንም ብርቱካናማ ቀለበት ማንም እንዳይነካት ያድርጉ። ይህን የምለው ልጁን በግማሽ አስደስቼ እርስዎን በግማሽ ለማረጋጋት አይደለም። ያንን ሽጉጥ የሚያዩት ሁለት ዓይነት ዓይኖች ናቸው። አንደኛው ከቁጥቋጦው ማዶ አድፍጦ የሚጠብቀው የአክስቱ ልጅ ዓይን ነው። ሁለተኛው ውሻውን እየመራ በመናፈሻው መንገድ የሚያልፍ፣ ስለ ጨዋታችሁ አንዳች የማያውቅ ሰው ዓይን ነው። ልጅዎ መሰወር የሚፈልገው ከአንደኛው ዓይን ነው፤ አጎቱ የገዛለት ቀለም ግን ከአንደኛው ዓይን እምብዛም ሳይሰውረው ሁለተኛውን ዓይን ያሳስታል። ስለዚህ ምርጫው ለደኅንነቱ ብቻ ሳይሆን ለመደበቅም ቢሆን የተሳሳተ ነው፤ የ13 ዓመት ልጅ ደግሞ ከሁለቱ ምክንያቶች የትኛውን ጆሮውን ሰጥቶ እንደሚያዳምጥ እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። እንግዲህ ከመደበቁ ልጀምር።

አገር ቤት ሳለሁ ሥዕል አስተምር ነበር፤ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ በአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ቀለም ስቀላቅል ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የአደን መጠበቂያ ጎጇቸውን ወይም ጀልባቸውን ከዱር ጋር ለማመሳሰል የሚመጡ ደንበኞች አብዛኞቹ በመጀመሪያ የሚያነሡት ጥቁር ቀለም ነበር፤ እኔም ቆርቆሮውን ከእጃቸው ተቀብዬ ወደ መደርደሪያው ስመልስ ይቆጡኝ ነበር። ጥቁር በዱር ውስጥ ብዙ ቦታ የለውም። በነሐሴ ከዛፍ ሥር ያለውን ጥላ ጠጋ ብለው ቢመለከቱት፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴና ቡናማ ትንሽ ሰማያዊ ተቀላቅሎበት እንጂ ጥቁር ሆኖ አያገኙትም። በዚያ መካከል ጠርዙ ቀጥ ያለ ጥቁር ዕቃ ሲገባ፣ በቅጠሉ ላይ የተበሳ ቀዳዳ መስሎ ጎልቶ ይወጣል። የወታደር አረንጓዴውም ብቻውን ከተቀባ ዕጣው ያው ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ጨለም ያለ አንድ ወጥ ቅርጽ ይሆናል፣ ቅርጹም የጠመንጃ ቅርጽ ነው።

ዓይናችን አንድን ነገር ከጀርባው ካለው ነገር ለይቶ የሚያወጣው በመጀመሪያ በእንቅስቃሴው፣ ከዚያም በጠርዙ፣ በጥላውና በብልጭታው ነው፤ ቀለሙ ምን ይባላል የሚለው ጥያቄ ከእነዚህ ሁሉ ኋላ ይመጣል። ስለዚህ የካሞፍላጅ ሥራ ጠርዙን መስበርና ጥላውን ማጥፋት ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) አቦት ቴየር የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ በ1896 ባወጣው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ የብዙ እንስሳት ጀርባ የሚጠቁረው ሆዳቸው የሚነጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ብርሃን ከላይ ሲወርድ ጀርባን ያነጣል፣ ሆድን በጥላ ያጠቁራል፤ የእንስሳው ቀለም ደግሞ በተቃራኒው ስለሆነ ሁለቱ ተጣፍተው እንስሳው እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ መስሎ ከአካባቢው ጋር ይዋሐዳል። አሣ ያጠበ ሰው ሁሉ ይህን በእጁ ይዞ አይቶታል። ለልጅዎ ሽጉጥ የሚሰጠው ትምህርትም ግልጽ ነው፦ ከላይ ጠቆር፣ ከሥር ነጣ ይበል።

ቅርጽን መስበር ደግሞ የነብር ጥበብ ነው። ነጥቦቹ ነብሩን ከማስዋብ አልፈው የጀርባውንና የእግሩን መስመር ይቆራርጡታል፣ ዓይንም አንዱን ቁራጭ ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳዮች በ1915 የካሞፍላጅ ክፍል ሲያቋቁሙ ሥራውን ይመሩ የነበሩት ሠዓሊዎች ነበሩ፤ ይህን ሳነብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በሙያዬ ኮራሁ። ከዚያ ሁሉ ታሪክ ግን ለእርስዎ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው የመርከቦቹ ነው። ኖርማን ዊልኪንሰን የተባለ እንግሊዛዊ የባሕር ሠዓሊ በ1917 መርከብ በባሕር ላይ ሊደበቅ እንደማይችል ተቀብሎ፣ በጥቁር፣ በነጭና በሰማያዊ ትላልቅ ግርፎች እንዲቀባ አሳመነ። ዓላማው የጠላት ሰርጓጅ መርከብ ዒላማው ወዴት እንደሚሄድና በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ ለመገመት እንዲቸገር ነበር። ቀለም ደብዛዛ ካልሆነ አይሠራም የሚለው እምነት፣ እንግዲህ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የተሻረ ነው። ልጅዎ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይፈታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ምክንያቱም ልመክረው የምፈልገው ቀለም ደማቅ ነው።

ወደ ቀለሙ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ሁለተኛው ዓይን ልናገር፤ እርስዎ ቆርቆሮዎቹን ጓዳ ያስገቧቸው ስለ እርሱ ነውና።

አገር ቤት ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ ቢጮህ ማንም አይደነግጥም። ድምፁ ከጥይት የማይለይበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን መንደሩ ሁሉ ቀኑን ያውቃል፣ ልጆቹን ያውቃል፣ ጅራፉን የገመደላቸውንም ሰው ያውቃል። ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጠመንጃ ቀርጸን በየአጥሩ ሥር ስንሯሯጥም እንዲሁ ነበር፤ ጨዋታውን ጨዋታ ያደረገው የሚያየን ሰው ዕውቀት እንጂ የእንጨቱ መልክ አልነበረም። በሜሪላንድ መናፈሻ የሚያልፈው ሰው ልጅዎን አያውቅም፣ አባቱንም አያውቅም፣ ዕለቱ ለእናንተ ምን እንደሆነ አያውቅም። በዚያ ላይ በዚህ አገር እውነተኛ ሽጉጥ በሰው እጅ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አገር ቤት በመንደሩ ዕውቀት ይሠራ የነበረውን ሥራ እዚህ የሚሠራው የአሻንጉሊቱ ቀለም ነው። አጎቱ በጥቁር ሊሸፍናት ያሰባት ቀለበት ያንን ሥራ የምትሠራ ናት።

ቀለበቷም በፋብሪካው ፈቃድ የተጨመረች ጌጥ አይደለችም። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1988 ባወጣውና በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ በዋለው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ እውነተኛ መሣሪያ የሚመስል መጫወቻ ያለ መለያ ለገበያ አይቀርብም። ለውኃ ሽጉጥ ደንቡ የፈቀዳቸው መለያዎች ሦስት ናቸው። ወይ አፈሙዙ ዙሪያውን ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ያህል የማይለቅ ደማቅ ብርቱካናማ ቀለም ይኑረው፤ ወይ ውስጡ ያለው ሁሉ በማያጠራጥር ሁኔታ እንዲታይ ብርሃን በሚያሳልፍ ነገር ይሠራ፤ ወይም ደግሞ መላ ገጹ ነጭ፣ ደማቅ ቀይ፣ ደማቅ ብርቱካናማ፣ ደማቅ ቢጫ፣ ደማቅ አረንጓዴ፣ ደማቅ ሰማያዊ፣ ደማቅ ሮዝ ወይም ደማቅ ሐምራዊ ይሁን። ከነዚህ ቀለማት አንዱ ብቻውን መሆን ይችላል፤ ወይም ዋናው ቀለም እርሱ ሆኖ ከሌሎች ጋር በማናቸውም ዓይነት ጥለት ሊቀላቀል ይችላል። ይህን የመጨረሻውን ሐረግ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሕጉ በዋናነት የተጻፈው ለአምራቹና ለነጋዴው ነው፤ ስለዚህ ቀለበቷ በቤት ውስጥ ብትቀባ በማግስቱ ተቆጣጣሪ በርዎን ያንኳኳል እያልሁ አይደለም። አንዳንድ ስቴቶች ግን ከዚያ አልፈው ሄደዋል፤ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ውስጥ መጫወቻው እውነተኛ መሣሪያ እንዲመስል መለያውን የለወጠ ወይም ያጠፋ ማንኛውም ሰው በወንጀል ይጠየቃል። የስቴትዎንና የካውንቲዎን ደንብ አንድ ጊዜ መመልከት አይጎዳም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቅጣቱ አይደለም።

ኖቬምበር 22 ቀን 2014 በኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ከተማ ታሚር ራይስ የተባለ የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ በአንድ መናፈሻ ውስጥ የፕላስቲክ ፍሬ በሚተኩስ መጫወቻ ሽጉጥ ይጫወት ነበር። ብርቱካናማው ጫፍ አልነበረበትም። ያየው ሰው ለፖሊስ ሲደውል ሽጉጡ ሐሰተኛ ሊሆን እንደሚችል፣ ልጁም ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሳይሆን እንዳልቀረ ተናግሮ ነበር፤ ይህ ቃል ግን ለተላኩት ፖሊሶች አልተነገራቸውም። መኪናቸው በደረሰ በሁለት ሰከንድ ገደማ ውስጥ አንደኛው ፖሊስ ተኩሶ መታው፤ ልጁ በማግስቱ አረፈ። ከተኩሱ በኋላ በሬድዮ ሲናገሩ ዕድሜውን 20 ገደማ ነበር ያሉት። ይህን ያነሣሁት እርስዎን ለማስፈራራት አይደለም፤ የልጅዎ መጫወቻም ውኃ የሚረጭ እንጂ የዚያ ዓይነት አይደለም። ነገር ግን ለእርስዎ ሕፃን የሆነው ልጅ ቁመቱ ሲረዝም ከ50 ሜትር ለሚያየው እንግዳ ጎልማሳ ሊመስል እንደሚችል፣ የቆዳውም ቀለም በዚህ አገር በግምቱ ውስጥ እንደሚገባ፣ እኛ ወላጆች ለራሳችን እንኳ ጮክ ብለን መናገር የማንወደው እውነት ነው። ባለቤትዎ «ልጅ ነው» ማለታቸው ልክ ነው፤ ጥያቄው ይህን ልጅነት ከሩቅ የሚያሳየው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ብርቱካናማዋ ቀለበትም ሙሉ ዋስትና እንዳልሆነች ልደብቅዎ አይገባም። ትንሽ ናት፣ ከሩቅ በደንብ አትታይም፣ በምሽት ትጠፋለች። ከቀለበቷ ይልቅ የሚናገረው የዕቃው ጠቅላላ መልክ ነው፤ ስለዚህ ቀለም ከመግዛትዎ በፊት ሽጉጡን ራሱን ይመልከቱት። ትልቅ የውኃ ጋን በላዩ የተሸከመ፣ ወፍራም፣ ሰው ከሩቅ ሲያየው የአትክልት ማጠጫ የሚመስለው ዓይነት ከሆነ ሥራዎ ቀሏል። ያ ቅርጽ በአብዛኛው የመጣው ሱፐር ሶከር ከተባለው የውኃ ሽጉጥ ነው። የፈጠረው ሎኒ ጆንሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የናሳ መሐንዲስ ነው፤ በ1982 ቤቱ ውስጥ በውኃ የሚሠራ የማቀዝቀዣ ዘዴ ሲሞክር ከመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ጋር ያያያዘው ጫፍ ውኃውን ክፍሉን አቋርጦ ሲተኩሰው ነበር ሐሳቡ የመጣለት፤ ገበያ ላይ የዋለው በ1990 ነው። ልጅዎ ይህን ታሪክ ካላወቀ ይንገሩት። በተቃራኒው የእርስዎ ልጅ ሽጉጥ ትንሽ፣ ቀጭን፣ መያዣውና ምላጩ ልክ እንደ እውነተኛው ሆኖ የተሠራ ከሆነ ግን ምንም ቀለም አይቀቡት፤ ሌላ ይግዙለት። እንዲህ ያለውን ቅርጽ ቀለም አያስተካክለውም።

አሁን ወደ ያዙልኝ ወዳልሁት ሐረግ ልመለስ። ደንቡ ከዘረዘራቸው ቀለማት ውስጥ ደማቅ አረንጓዴ፣ ደማቅ ቢጫና ነጭ አሉ፤ ጥለቱም ማናቸውም ዓይነት ሊሆን ይችላል ተብሏል። እንግዲህ በነሐሴ ወር ከሜሪላንድ ዛፍ ሥር ቆመው ቀና ይበሉ። ፀሐይ ከበስተኋላው የምታበራበት ቅጠል ምን ይመስላል? የጎመን ቀለም አይደለም፤ የሰላጣ ቀለም ነው፣ ያውም ቢጫ የቀላቀለ። በቅጠሎቹ መካከል የሾለከው ብርሃን ግንዱና ሣሩ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ቢጫና ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል። ያ ጫካ በዚያ ሰዓት ከደንቡ ዝርዝር በተወሰዱ ቀለማት የተሞላ ነው። ካሞፍላጅ ሲባል ሁላችንም የወታደር ልብስ ስለሚታየን ነው እንጂ፣ ልጅዎ የሚጫወትበት ቦታና ሰዓት የሚጠይቀው ቀለም ከመጀመሪያው የመጫወቻ ቀለም ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር። ሰማያዊውንና ብርቱካናማውን አካል በሙሉ በሰላጣ አረንጓዴ እቀባለሁ፤ ልጁ እነዚህ ሁለቱ አስያዙኝ ማለቱ እውነት ነው፣ በቅጠል መካከል ከእነርሱ በላይ የሚጮህ ቀለም ማግኘት ያስቸግራል። ከላይ ባለው ጠርዝ በኩል ጠንከር ያለ ግን አሁንም ደማቅ የሆነ የቃሪያ አረንጓዴ እረጫለሁ፤ ከሥር፣ ማለትም በሽጉጡ ሆድ በኩል፣ ነጭ። ከዚያ በሎሚ ቢጫ ቅርጻቸው ያልተስተካከለ ነጠብጣቦች እጨምራለሁ፤ ከእንቁላል ያላነሱ፣ ከልጁ መዳፍ ያልበለጡ ይሁኑ፣ ምክንያቱም ትንንሽ ነጥቦች ከ20 እርምጃ ርቀት ሲታዩ እርስ በርስ ተዋሕደው አንድ ወጥ ቀለም ይሆናሉ። ዋናው ምሥጢር ግን ነጠብጣቦቹ ጠርዙን አቋርጠው ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው መዞራቸው ነው፤ መሐል ላይ ተሰብስበው ከቀሩ ጠርዙ ሳይሰበር ይቀራል፣ ሥራውም ጌጥ ብቻ ይሆናል። የምትጫወቱበት ቦታ ሣሩ የደረቀ ሜዳ ከሆነ የቢጫውና የአረንጓዴው ድርሻ ይለዋወጥ። የውኃ ጋኑን አይቀቡት። ብርሃን ስለሚያሳልፍ በስተኋላው ያለውን ቅጠል ያሳያል፤ ከእርሱ የተሻለ ካሞፍላጅ ቀላቅዬ ልሰጥዎ አልችልም፣ ውስጡ ውኃ መሆኑንም ለአላፊው ሰው ይመሰክራል። ብርቱካናማዋን ቀለበት በተመለከተ፣ ልጁ እስኪተኩስ ድረስ አፈሙዙን ከቅጠል ኋላ ይያዝ፤ ከፊት ለሚመጣበት ተጋጣሚ ከቀለበቷ ይልቅ የልጁ ፊት ቀድሞ መታየቱ አይቀርም።

ምርጫውን ልጁ ራሱ ይፈትነው። በካርቶን ቁራጮች ላይ የተለያዩትን ቀለማት ቀብቶ መናፈሻው ካለው ቁጥቋጦ መካከል ያስቀምጣቸውና፣ ከ20 እርምጃ ርቀት በስልክ ፎቶ አንሥቶ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጠው። ከቅጠሉ ጋር ተመሳስሎ የጠፋው ካርቶን ትክክለኛው ነው፤ ምክንያቱም ዓይንን በመጀመሪያ የሚያታልለው የቀለሙ ንጣትና ጥቁረት እንጂ ዓይነቱ አይደለም። አጎቱ በገዛው ጥቁር ቀለም ፈንታ አንድ ጥቁር ወረቀት አብሮ ያስቀምጥ። እርስዎ አንድ ሰዓት ከሚመክሩት ይልቅ ያ ፎቶ ይበልጥ ያሳምነዋል።

አንድ ነገር ግን ቀለም አይፈውሰውም። የረጠበ ዕቃ ያብረቀርቃል፤ የማያብረቀርቅ ተብሎ የተሸጠው ቀለም እንኳ ውኃ ሲፈስበት ይብለጨለጫል፣ ይህ ደግሞ የውኃ ሽጉጥ ነው። ልጁ ሽጉጡን በጥላ ውስጥ ዝቅ አድርጎ መያዝን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳይንቀሳቀስ መቆየትን ይልመድ። አምና ያስያዘው ቀለሙ ብቻ ይመስልዎታል? እኔ አይመስለኝም።

ፕላስቲክ ላይ ይይዛል ወይ ብለው ጠይቀዋል። እንደ ፕላስቲኩ ዓይነት ነው። ሽጉጡን ገልብጠው በሦስት ማዕዘን ቀስት ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት እንደሆነ ይፈልጉ፤ 2 ወይም 5 ከሆነ ሰም የመሰለው ዓይነት ስለሆነ ቀለም በቀላሉ አይጣበቅበትም፣ ፕላስቲክ ላይ ቀለም ለማጣበቅ የሚረጭ ልዩ ፕራይመር ይፈልጋል። ጠንካራና ጠጠር ያለ ድምፅ የሚሰጠው ዓይነት በደንብ ይይዛል። በሁለቱም ቢሆን ሥራው የሚወሰነው ከመቀባት በፊት ነው፦ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ በቁጥር 400 የአሸዋ ወረቀት አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ቀስ ተብሎ ይታሽ፣ ከዚያ በአልኮል ይጠረግና በእጅ አይነካ። ቀለሙ «ለፕላስቲክ» ተብሎ የተጻፈበት የሚረጭ ይሁን። ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ቀጫጭን አድርጎ ሦስት ጊዜ መርጨት አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመርጨት ይሻላል፤ የወፈረው ይንጠባጠባል፣ ኋላም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። በእጅ ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም ፕላስቲኩን አጥብቆ እስኪይዝ አንድ ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ከዚያ በፊት ውኃ ካገኘው መላጡ አይቀርም።

ከመርጨቱ በፊት አፈሙዙን ከነቀለበቱ፣ ምላጩን፣ የሚገፋውንና የሚሳበውን ዘንግ፣ የጋኑን ክዳንና ጋኑን ራሱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ዘንጉ ላይ ቀለም ካረፈ ውስጥ ያለውን ጎማ ይፍቀዋል፣ ግፊቱም ይጠፋል። ጋኑን የማይቀቡበት ሌላም ምክንያት አለ፤ በሚረጭ ቀለም ውስጥ ያለው ማሟሟያ አንዳንድ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክን በዓይን በማይታይ ስንጥቅ ያዳክማል፣ አየር ታምቆበት የሚሠራ ጋን ደግሞ ስንጥቅ አይወድም። ሥራው ደጅ፣ ነፋስ በሌለበት፣ አፍንጫና አፍ ተሸፍኖ ይሠራ፤ ከቡና ከሰልም ከሥጋ መጥበሻም ይራቅ፣ ቆርቆሮው በቀላሉ እሳት ይይዛልና። ከተቀባ ሽጉጥ ውኃ መጠጣት እንደሌለ ለትንንሾቹም ይነገራቸው። ይህ ሁሉ ጣጣ ከበዛብዎ ደማቅ አረንጓዴና ቢጫ የፕላስቲክ ቴፕ ገዝታችሁ እየቆራረጣችሁ መለጠፍ ትችላላችሁ፤ ቁጥር 2 ወይም 5 በተጻፈበት ፕላስቲክ ላይ ፕራይመር ሳይቀድመው ከተረጨ ቀለም ይልቅ ቴፕ ይሻላል።

ወንድምዎን ግን በልጁ ፊት አያሳፍሩ። ልጁን ደስ ሊያሰኝ ገንዘቡን አውጥቶ የገዛ አጎት ነው። ለብቻው ጠርተው የክሊቭላንዱን ታሪክ ይንገሩት፣ ከዚያ ሥራውን ለእርሱ ይስጡት፤ ያልተከፈቱትን ቆርቆሮዎች ከነደረሰኛቸው መልሶ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በነጭ ይለውጣቸው፣ የሚረጨውም እርሱ ይሁን። ለልጅዎ ደግሞ ነገሩን እንደ ክልከላ ሳይሆን እንደ ጨዋታው ሕግ ያቅርቡለት፦ «ከተጋጣሚህ ተደበቅ፤ መንገደኛው ግን መጫወቻ መያዝህን ካለህበት ርቀት ማወቅ አለበት።» የ13 ዓመት ልጅ ይህን ይረዳል። ልብሱም በዚሁ ይመራ፤ አረንጓዴ ቲሸርት ይልበስ እንጂ ከእግር እስከ ራሱ የወታደር ልብስ አይልበስ፣ ከጥቂት ሜትር ያለፈ ሰው ሽጉጡንና ልብሱን አንድ አድርጎ ነው የሚያነበው።

የጨዋታው ዕለት ሽጉጦቹ ሁሉ በከረጢት ሆነው መናፈሻው ይድረሱ፣ በከረጢት ሆነውም ይመለሱ። ወደ መኪና ማቆሚያውና ወደ መንገዱ ይዞ መሮጥ አይፈቀድ፤ ሳይጨልም ይቁም። ሽጉጡ ትምህርት ቤት አይሂድ፤ የብዙ ትምህርት ቤቶች ደንብ መጫወቻውንም እንደ መሣሪያ ይቆጥረዋል። ፖሊስ ወይም የመናፈሻው ጠባቂ ቢመጣ ልጆቹ ወዲያው ሽጉጡን መሬት ይጣሉ፣ እጃቸውን ባዶውን ያሳዩ፣ አይሩጡ፣ ለቀልድም ቢሆን አይርጩ፤ ተነሥቶ የሚያነጋግረው አንድ ትልቅ ሰው ይሁን። ይህንን ከጨዋታው በፊት ለልጆቹ ሁሉ፣ ለእርስዎ ልጅ ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ላይ ሰብስበው ይንገሯቸው።

ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ ጨዋታው በዚያው ሰሞን ከሆነ ቀለሙ ከነሐሴ 4 ባልዘገየ ጊዜ ተረጭቶ ማለቅ አለበት። የካርቶኖቹ ሙከራ ደግሞ ከዚያም ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጨዋታው በሚደረግበት ሰዓት፣ በዚያው ቁጥቋጦ ይሁን፤ ብርሃኑ ሲለወጥ የቅጠሉም ቀለም ይለወጣልና። ልጅዎ ያነሣውን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቢልክልኝ የትኛውን አረንጓዴ በምን ያህል ቢጫ እንደሚያቀልለው ለይቼ እጽፍለታለሁ።